ብረት አልፈታ ሲል

 

ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ስለ ብስክሌት ማውራት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ከተማው ሜዳ ነው፤ ዘንባባ የተሰለፈበት መንገዱም ሰፊ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ያውቃል። ስለዚህ ስለ ብስክሌት ጥቅም አንድ ቃል አልናገርም። የመጣሁት ለአንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ብስክሌቱን ገልብጦ፣ መፍቻውን አስገብቶ ሲጫን፣ ብረቱ ንቅንቅ አልል ቢለው ምን ያድርግ?

ጉዳዩ የማይረባ ሊመስል ይችላል። ግን ወደ ጠጋኞች ደጃፍ ጎራ በሉ። ጥግ ላይ ከተጣሉት ቴላዮዎች፣ ከብስክሌት አጽሞች መካከል በብልሽት ሳይሆን በጥገና የሞቱ ታገኛላችሁ። የአሥር ደቂቃ ሥራ የነበረው በተበላ ዳዶ ይጀምርና በተጣመመ የፔዳል ክንድ ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ ያበቃል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ አቅመ ቢሱ ሳይሆን ጉልበት ያለው ሰው ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። አልፈታ ያለ ብረት ፊት የተቀመጠ ሰው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። የመጀመሪያው፣ ምን ያዘው? የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ ከተያያዙት ከሁለቱ አንዱ መጥፋት ካለበት የትኛው ይጥፋ? መዶሻ ሳያነሳ ይህን የወሰነ ሰው ቢበዛ ርካሹን ዕቃ ያጣል። ሳይወስን የጀመረ ግን ቴላዮውን ሊያጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ብረት ሲታገሉት የሚሰበረው እኛ የምንፈልገው ወገን ሳይሆን ደካማው ወገን ነው።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ። "ተጣብቋል" ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ከነጭራሹ አልተጣበቀም።

የግራውን ፔዳል ውሰዱ። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ተቃራኒ ነው፤ ጥርሱ የተቆረጠው በግራ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ወደ ግራ ይጫናል፤ ፔዳሉ ይጠብቃል። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ይጫናል፤ ፔዳሉ የባሰ ይጠብቃል። ጎረቤት ይጠራል። ሁለት ጎልማሶች በአንድ ላይ ሆነው በሙሉ ኃይላቸው ፔዳል ሲያጠብቁ ማየት የሚያስቅ ነው፤ የክንዱ ጥርስ ሲገፈፍ ግን ሳቁ ያቆማል።

የሚረዳ ዘዴ አለ፤ ቀኝና ግራ የሚባለውን ሐሳብ ጨርሶ ያስቀራል። ብስክሌቱን በጎማው አቁሙት። መፍቻውን ፔዳሉ ላይ ስታስገቡ እጀታው ወደ ሰማይ ይቁም። ከዚያ ወደ ኋላ ጎማ ጎትቱት። በቀኝም በግራም በኩል ወደ ኋላ ሲሄድ ይፈታል፤ ወደ ፊት ሲሄድ ይጠብቃል። አብዛኛው ፔዳል በ15 ቁጥር መፍቻ ይያዛል። አንዳንዱ ግን ከክንዱ ጀርባ በ6 ወይም በ8 ቁጥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚፈታ ነው፤ ከጀርባ ሆናችሁ ስትፈቱ አቅጣጫው ለዓይን የተገላበጠ ስለሚመስል ተጠንቀቁ።

ለምን እንዲህ ተሠራ? በፔዳሉ ዘንግና በክንዱ ቀዳዳ መካከል ለዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። ስትረግጡ ጫናችሁ ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው፤ ክንዱ ግን ይዞራል። ስለዚህ ጫናው የቀዳዳውን ግድግዳ በየተራ እየነካ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ዘንጉም በግድግዳው ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተንከባለለ ይዞራል። ግራው በኩል ጥርሱ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ ይህ መንከባለል ፔዳሉን መንገድ ላይ ይፈታው ነበር። ብዙ ሰው ፔዳሉን የሚያጠብቀው የኩሽኔታው ሰበቃ ይመስለዋል። ሰበቃው እንዲያውም ወደ መፍታት ነው የሚገፋው፤ የሚያሸንፈው መንከባለሉ ነው። ለዚህ መፍትሔ ስማቸው የሚነሳው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ የብስክሌት ሱቅ የነበራቸው ዊልበርና ኦርቪል ራይት ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 አውሮፕላን ያበረሩት ወንድማማቾች እነሱ ናቸው።

ፔዳል ብቻ አይደለም። የመሐል ዘንጉን ከሚይዙት ሁለት ኩባያዎች በእንግሊዝ ልክ በተሠራ ብስክሌት ላይ የቀኙ የግራ ጥርስ አለው፤ በጣሊያን ልክ በተሠራው ላይ ግን ሁለቱም ተራ ጥርስ ናቸው። ሁለቱንም ዓይነት የሚነዳ ሰው ባለበት አገር ይህን ሳያዩ መጫን አደጋ ነው። የመሪው አንገትም እንዲሁ ነው። በአሮጌው ዓይነት አንገት ውስጥ፣ ከታች፣ አንድ ሽብልቅ አለ። ከላይ ያለው ረጅም ብሎን ሽብልቁን ወደ ላይ ስቦ ቱቦው ውስጥ ይወጥረዋል። ብሎኑን አላልቶ መሪውን እየጠመዘዘ የሚታገል ሰው የሚታገለው ከሽብልቁ ጋር ነው፤ ሽብልቁ ብሎኑ ስለላላ ብቻ አይወርድም። ብሎኑን ሁለት ሦስት ዙር አላሉት፤ ጨርሳችሁ አታውጡት። የብሎኑ ራስ ላይ ቁራጭ እንጨት አድርጉና በመዶሻ አንዴ ምቱት። ሽብልቁ ይወድቃል፤ መሪው በሁለት ጣት ይወጣል።

አሁን በእውነት ወደ ተያዘው እንምጣ።

ብረት ከብረት ጋር ሲሆን የያዘው ዝገት ነው። ዝገት ብረትን ይበላል ብቻ ብለን የምናስብ ከሆነ ግማሹን ነው ያወቅነው። ዝገት ያብጣል። የተበላው ብረት ወደ ዝገት ሲለወጥ በፊት ከያዘው ቦታ ከሁለት እጥፍ በላይ ይይዛል። ጥርስ ውስጥ ደግሞ መስፊያ ቦታ የለም። ስለዚህ እርስ በርሱ ይጨናነቅና ብሎንና ዳዶውን ያጣብቃል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ያንን የዝገት ዱቄት መሰንጠቅና በስንጥቁ ውስጥ ዘይት ማስገባት ነው።

መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ውጪውን አጽዱ፤ አፈር በተጋገረበት ዘይት አይገባም። ከዚያ ዘይት አፍሱና ሂዱ። ዛሬ ማታ አፍስሳችሁ ነገ ጠዋት ተመለሱ፤ ደግማችሁ አፍሱና ማታ ሞክሩ። ነጭ ጋዝ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ይሰርጋል። ጋራዦች የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለው ይጠቀማሉ፤ ይሠራል፤ ግን እሳት የሚወድ ነገር ነው፤ ሲጋራና ከሰል ባለበት አይነካም። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለውን ጣሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ የሮኬት ኬሚካል ኩባንያ ያወጣው ነው፤ ዓላማው አትላስ የተባለውን ሚሳይል ገላ ከእርጥበትና ከዝገት መጠበቅ ነበር፤ ቁጥሩም የ40ኛውን ሙከራ ያመለክታል። ውሃ ለማባረር የተሠራ ነገር ነው፤ ለከባድ ዝገት የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ቤት ውስጥ ሌላ ከሌለ ግን ከምንም ይሻላል።

ዘይቱ እንዲገባ ንዝረት ያስፈልገዋል። የብሎኑን ራስ በትንሽ መዶሻ ደጋግማችሁ ኳ ኳ አድርጉት፤ ለመስበር ሳይሆን ለማናወጥ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ወደ መጥበቂያው አቅጣጫ ጥቂት ሞክሩት። ለማጥበቅ ሳይሆን ዱቄቱን ለመስበር ነው። ትንሽ ጫጭ ሲል ወደ መፍቻው መልሱት። እየፈታ ሄዶ እንደገና ከከበደ ወደፊት አትጫኑት፤ ግማሽ ዙር መልሱት፤ ዘይት ጨምሩ፤ እንደገና ቀጥሉ።

ሙቀትም አለ። ዳዶውን በትንሽ የጋዝ ነበልባል ካሞቃችሁ በኋላ ነበልባሉን አጥፉና ጧፍ አስነኩት። የቀለጠው ሰም በጥርሱ መካከል እየተሳበ ይገባና ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ያገለግላል። ይህ የማሽን ቤት ሰዎች የቆየ ጥበብ ነው፤ እኛ ዘንድ ጧፍ ከየቤቱ ስለማይጠፋ ከማንም ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ቀለሙ ይቃጠላል፤ በአቅራቢያው ጎማና ላስቲክ ካለ ግን አትሞክሩት።

ስለ መፍቻ አንድ ነገር ብቻ። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ መፍቻ ለተያዘ ብሎን ጠላት ነው። አፉ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል፤ ማዕዘኑ አንዴ ከተበላ የቀረው መንገድ ሁሉ ውድ ነው። ስድስት ማዕዘኑን በሙሉ የሚያቅፍ ቁልፍ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ።

ከዝገት ሌላ ነጂው ራሱ የሚያጠብቀው አለ፤ የኋላው ፒኞን። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ላይ ፒኞኑ በጎማው መሐል ላይ በጥርስ የተጠመዘዘ ነው፤ በረገጣችሁ ቁጥር ይጠብቃል። ሒሳቡን እንሥራ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 17 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ክንድ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲያሳርፍ ወደ 117 ኒውተን ሜትር የሚሆን የማዞር ኃይል ይሰጣል። የፊቱ ኮሮና 48፣ የኋላው 18 ጥርስ ቢኖረው 44 ኒውተን ሜትር ያህሉ ፒኞኑ ላይ ይደርሳል። ይህ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 22 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። እዚህ ባሕር ዳር ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በወጣችሁ ቁጥር ይህን ደጋግማችሁታል። እንዲህ ያለውን በእጅ መፍቻ መታገል ከንቱ ነው። ለፒኞኑ የሚሆነውን መፍቻ ሞርሳ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጎማውን ከላይ አስተኙበት፤ በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዛችሁ እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ አዙሩት። መፍቻው እንዳይንሸራተት በመሐሉ ዘንግ ዳዶ ያዝ አድርጉት፤ ፒኞኑ ፈታ እንዳለ ዳዶውን አላሉ፤ አለዚያ ይጨናነቃል። ሰባ ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ጎማ ራሱ መፍቻ ይሆናል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ ወደሚያገኝበት ደረስን፤ የትኛው ይጥፋ?

ከህንድና ከቻይና የመጡትን ጥቁር ብስክሌቶች አስቡ። የፔዳሉ ክንድ ከመሐል ዘንጉ ጋር የሚታሰረው በአንዲት ቀጭን ሽብልቅ ፒን ነው። ፒኗ የትንሽ ጣት ያህል ናት፤ አንዱ ጎኗ በዝንባሌ ተሞርዷል፤ ጫፏ ላይ ዳዶ ታስራለች። ክንዱ ሲወዛወዝ፣ በየዙሩ ቀጭ ሲል የምትሰሙት የእሷ ድምፅ ነው። ይህች ፒን ለመሞት የተሠራች ናት። ለስላሳ ብረት ናት፤ ዘንጉ ጠንካራ ነው። ዋጋዋም ከብስክሌቱ ዕቃ ሁሉ ዝቅተኛው አካባቢ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚሠዋ ጥያቄ የለውም። ሆኖም ሰዎች እሷን ለማትረፍ ሲሉ ዘንጉን፣ ኩሽኔታውን፣ አንዳንዴም ክንዱን ያጠፋሉ።

እንዴት? ብስክሌቱን በጎኑ ያጋድሙና ፒኗን በትንሽ መዶሻ መቀጥቀጥ ይጀምራሉ። እያንዳንዱ ምት በክንዱ አልፎ ወደ ዘንጉ፣ ከዘንጉ ወደ ኩሽኔታው ኳሶች ይሄዳል። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበትን ለስላሳ መንገድ ይፈነክታሉ። ፒኗ ግን አትወጣም፤ የተመታው ጫፏ እንደ እንጉዳይ ይሰፋና ጭራሽ በቀዳዳው ማለፍ የማትችል ትሆናለች።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ዘይት ቀድማችሁ አጠጧት፤ ቢቻል አንድ ሌሊት ይደርባት። ዳዶውን አላሉትና ፊቱ ከፒኗ ጫፍ ጋር እኩል ሲሆን አቁሙት። ዳዶው አሁን ጥርሷ እንዳይጣመም ይጠብቃል። ከዚያ ወፍራም የብረት ቱቦ ፈልጉ፤ የፒኗ ወፍራም ራስ በውስጡ የሚያልፍ፣ ርዝመቱ ከሲሚንቶው ወለል እስከ ክንዱ ሥር የሚደርስ ይሁን። ክንዱን በቱቦው ላይ አሳርፉት። ቱቦው ክንዱን ይዞ ወለሉ ላይ ስለቆመ የምቱ ኃይል ወደ ሲሚንቶው ይወርዳል፤ ኩሽኔታው ያርፋል። አሁን ከባድ መዶሻ፣ ቢያንስ የኪሎ የሚሆን ያዙ። አንድ ጊዜ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳትሳሱ ምቱ።

ድምፁን ስሙት። ፒኗ ገና ተይዛ ሳለች ምቱ ጥርት ያለ፣ የሚጮህ፣ እጅን የሚመልስ ነው። ስትለቅ ድምፁ ይደፍናል፤ መዶሻው አይመለስም፤ ዳዶው ክንዱ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ ዳዶውን አውልቁና ፑንቶ አድርጋችሁ በቀላል ምት ጨርሷት። ከሁለት ከሦስት ከባድ ምት በኋላ ድምፁ ካልተለወጠ አቁሙ። ጫፏን በሴጌቶ ከክንዱ ጋር እኩል ቁረጡ፤ መሐሏን በፑንቶ ምልክት አድርጉባት፤ በትራፓኖ ከቀጭን ጀምራችሁ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብሷት። ውስጧ ባዶ ሲሆን ውጥረቷ ይረግባል፤ የቀረውን ፑንቶው ያወጣዋል። ትራፓኖውን ስትይዙ መነጽር አድርጉ፤ የብረት ፍርፋሪ ዓይን ውስጥ ሲገባ ቀልድ የለውም።

ወደ ሌላው፣ ወደ ከባዱ እንለፍ፤ የኮርቻው ቋሚ ቱቦ።

ቴላዮው ብረት፣ ቋሚው አልሙኒየም ሲሆን ነገሩ ዝገት ብቻ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው ጨዋማ እርጥበት ሲገባ አነስተኛ ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። ጨው ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ከላብ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከክረምቱ ዝናብ ነው። ከኮርቻው ሥር ቱቦው የተሰነጠቀበት ቦታ አለ፤ ማጥበቂያው የሚያርፍበት። የኋላ ጎማ የሚረጨው ውሃ በዚያች ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ይገባል። አልሙኒየሙ ሲበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ከአልሙኒየሙ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቋሚው ለዓይን የተጣበቀ አይመስልም፤ ግን ሙሉ ሰው ቢንጠለጠልበት አይዞርም።

እዚህ ላይ ተራ ዘይት ብዙ አይረዳም። አሜሪካዊው ጠጋኝ ሼልደን ብራውን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የሞተውና ስለ አሮጌ ብስክሌት ብዙ የጻፈው፣ ለአልሙኒየም አሞኒያ እንዲሞከር ይመክር ነበር። ነጩን ዱቄት ስለሚያጠቃ ነው። አሞኒያ የምትሞክሩ ከሆነ ውጪ፣ ንፋስ ባለበት ሞክሩ። ልብ በሉ፣ በረኪና በተነካ ዕቃ ላይ ፈጽሞ አታፍሱት፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ቀጥሎ ሙቀትና ቅዝቃዜ አለ። ብዙዎች የቴላዮውን ቱቦ በእሳት ያሞቃሉ፤ አያስቡትም እንጂ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ሁለቱንም አብሮ ማሞቅ የበለጠ ማጥበቅ ነው። ቁጥር ልስጣችሁ። በብዛት ከሚገኙት መጠኖች አንዱ 27.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቋሚ በ100 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የብረቱ ቱቦ ግን 0.03 ብቻ። የሚሻለው ተቃራኒው ነው፤ ቋሚውን ማቀዝቀዝ። ኮርቻውን አውልቁ፤ ቋሚው ከላይ ክፍት ከሆነ የተፈጨ በረዶና ጨው ሙሉበት። ቴላዮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከውጪ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። እዚህ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቀለሙም አይጎዳም። ክፍተቱ የፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም፤ ዱቄቱን ለመሰንጠቅ ግን በቂ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መጠምዘዙ ይመጣል። ብስክሌቱን ገልብጡት፤ የቋሚውን ራስ ሞርሳ ውስጥ አጥብቁ፤ ቴላዮውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እሱን አዙሩ። አንድ ሜትር የሚጠጋ ቴላዮ ከየትኛውም መፍቻ ይበልጣል። ግን እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ መልሱ። ቀጫጭን የኋላ ቱቦዎች ባሉት ቴላዮ ላይ ብዙ ከተጫናችሁ የሚጣመመው ቴላዮው ነው። በለዘበ ጫና ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይሻላል። ካልተንቀሳቀሰ ቋሚው እንዲሞት ፍረዱበት።

ፍርዱ የሚፈጸመው በሴጌቶ ስለት ነው። ቋሚውን ከቴላዮው በላይ ሦስት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። ከዚያ የሴጌቶውን ስለት አንድ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደ ቢላዋ ያዙ፤ ወደ ቱቦው ውስጥ አስገብታችሁ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ በቁመቱ ቦይ ቁረጡ። ቀርፋፋ ሥራ ነው፤ ክንድ ይደክማል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አደጋው አንድ ነው፤ አልሙኒየሙን ጨርሶ ስለቱ የቴላዮውን ብረት መንካት። እንዴት ታውቃላችሁ? ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡ። ወረቀት ላይ የወረደውን ፍርፋሪ በማግኔቱ ዳብሱት። አልሙኒየም ማግኔት አይዘውም። ፍርፋሪው ነጭና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ወረቀቱ ላይ እስከቀረ ድረስ ቁረጡ። ጥቁር ብናኝ ማግኔቱ ላይ ጢም ማብቀል ሲጀምር እዚያ ቦታ ላይ አቁሙና ከፍ ወይም ዝቅ ብላችሁ ቀጥሉ። ቦዩ ከላይ እስከ ታች ሲደርስ ጠርዙን በፒንሳ ያዙና ወደ ውስጥ ጠቅልሉት። ቱቦው ራሱ ላይ ይጠቀለላል፤ በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ይወጣል።

ኮስቲክ ሶዳስ? የሚል አይጠፋም፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። አልሙኒየምን ያሟሟል፤ ብረትን አይነካም። ስለዚህ ቴላዮው ብረት፣ ቋሚው አልሙኒየም ከሆነ በእርግጥ ይሠራል። እኔ ግን ቤት ውስጥ እንዲሠራ አልመክርም። ሲሠራ ይግላል፤ ይፈነጥቃል፤ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ይቀጣጠላል። ዓይን ከነካ ዓይን ያጠፋል። ግድ ከሆነ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ክፍት ሜዳ ላይ፣ በላስቲክ ጓንትና ዓይንን በሚዘጋ መነጽር ይሁን። ሶዳውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃን ወደ ሶዳ አታፍሱ። ቆዳ ላይ ከነካ ብዙ ውሃ ይፍሰስበት፤ ዕቃውን በመጨረሻ በአቼቶ እጠቡት። የአልሙኒየም ቴላዮ ላይ ከተጠቀማችሁበት ግን ቴላዮውን ራሱን ታሟሙታላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት በዚያው ማግኔት ቴላዮውን ፈትኑ።

ካወጣችሁ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው፤ ግን ሰዎች የሚተዉት እሱን ነው። የቱቦውን ውስጥ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ በጨርቅ ጥረጉት። ቋሚውን ወይም ብሎኑን ከመመለሳችሁ በፊት ግሪስ ቀቡት፤ ቱቦው ውስጥም፣ ጥርሱ ላይም፣ የፔዳሉ ዘንግ ላይም። ቋሚው የካርቦን ከሆነ ግን ግሪስ አይሁን፤ ለካርቦን የሚሆን ለብቻው የተሠራ ቅባት አለ። ሽብልቅ ፒኗን ስታስገቡ በዳዶው ስባችሁ አታጥብቋት፤ መጀመሪያ በመዶሻ አስቀምጧት፤ ዳዶው እንዳትወጣ ለመጠበቅ ብቻ ነው። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አንዴ ምቷት፤ ዳዶውን ያዝ አድርጉት፤ አዲስ ፒን በመጀመሪያው ጊዜ ትረጋለች፤ ትላላለችም።

የኮርቻውን ከፍታ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉና ቋሚውን በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናብ ሳይገባ አንዴ፣ በመስከረም ደግሞ አንዴ አውጥታችሁ ግሪሱን አድሱ። በዚያው ቀን የግራውን ፔዳልም ፈታ አድርጋችሁ መልሱት።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ይጀምሩ።